የሽመና መኪናዎቹን የፈታችው ሴት

ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «እመት ቺያቤ» ነበር የምትባለው። የሽርጧን ጫፍ ወደ ላይ አጥፋ እንደ ኪስ ሰፍታዋለች፤ እዚያ ውስጥ ሁለት የቡሎን መፍቻ ቺያቤ፣ አንድ ካቻቢቴና አንድ ጥቅል ሲባጎ አይጠፋም። ስትራመድ ስለምታቃጭል መምጣቷ ከሩቅ ይታወቃል፤ ሥራ ፈትቶ የሚያወራ ሁሉ ድምፁን ሰምቶ ወደ መኪናው ይሮጣል። እኔ ከእሷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የምጽፈውን ግማሹን ከራሷ፣ ግማሹን ከፋብሪካው አናጢ ሰማሁት። ከጓደኛዋ ከክር ፈታይዋ አፍ የሰማሁት ጥቂት ነው፤ እሷ ስለዚያ ዘመን መናገር አትወድም ነበር።

ወደ ፋብሪካው የገባችው በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ክር ቋጣሪ ሆና ነው። ድር ሲበጠስ ሮጣ ትቋጥራለች። እጇ ቀጭን ስለነበር፣ መኪናው ሆድ ውስጥ የቡሎን ዳዶ የወደቀባቸው ጠጋኞች «ነይ እስኪ፣ ያንቺ እጅ ይገባል» እያሉ ይጠሯታል። እንዲህ እንዲህ እያለች የመኪናውን አንጀት ከወንዶቹ ሁሉ በላይ አወቀችው። ጦርነቱ መጥቶ ወንዶቹን ጠራርጎ ሲወስድ ዋናው መካኒክ ቺያቤዎቹን በእጇ አስጨብጧት፣ «ስመለስ ትመልሽልኛለሽ» ብሏት ሄደ። አልተመለሰም።

ባሏ የቀለም ክፍል ሠራተኛ ነበር። ጨርቅ ሲነክር ስለሚውል ጥፍሮቹ ዓመቱን ሙሉ ሰማያዊ ናቸው። ጦርነቱ በገባ በአራተኛው ዓመት እሱም ተጠርቶ ዘመተ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ዝም አለ። ልጅ አልወለዱም። እሷና እናቱ ብቻ ቀሩ።

አማቷ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሚቆርጥ፣ ሆዳቸው ግን ቂም የማያውቅ አሮጊት ነበሩ። ምራታቸው ግራሶ የነካ እጇን ይዛ ስትገባ እያዩ፣ «ልጄ ምራት ላምጣልሽ ብሎኝ መካኒክ አመጣብኝ» ይላሉ። ጎረቤት ደፍሮ ያንኑ ቀልድ ሲደግመው ግን፣ «ምን አገባህ፣ ያንተን ቤት ማን ይጠግነው?» ብለው አፉን ያስይዙታል።

ጦርነቱን የጀመረው የእኛው መንግሥት ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሲጀመር ባንዲራና ሰልፍ ነበር። ሲያልቅ ግን የነገረን የለም፤ አንድ ጠዋት ከቤት ስንወጣ የማናውቃቸው ወታደሮች በየመስቀለኛ መንገዱ ቆመው አገኘናቸው። ሕዝቡ «እንግዶቹ» ይላቸው ጀመር። አሸናፊ ብሎ ለመጥራት አፍሮ ይሁን ፈርቶ እንጃ። አማቷ ብቻ፣ «እንግዳ ሲሰነብት ባለቤት ይሆናል» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። አማትና ምራት ከነበሯቸው ሁለት ክፍሎች በመንገዱ በኩል ያለችውን የእንግዶቹ ስልከኞች ያዟት። የስልኩ ሽቦ በበሩ ሥር አልፎ፣ የእነሱን ክፍል አቋርጦ፣ በጓሮው መስኮት ይወጣል። በሽቦው ምክንያት መስኮቱ አይዘጋም። ሽቦውን የነካ በጥይት እንደሚቀጣ የሚገልጽ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሁለቱ ሴቶች ክረምቱን ከነካፖርታቸው እየተኙ፣ በዚያች በማትዘጋ ቀዳዳ የሚገባውን ንፋስ ሲያዳምጡ ከረሙ።

ፋብሪካው ሁለት ጊዜ በቦምብ ተመትቷል። የፈትል ክፍሉ ድምጥማጡ ጠፍቷል፤ የሽመናው አዳራሽ ግን የሄደው ጣሪያው ብቻ ነው። ሰማንያ አራቱ የሽመና መኪናዎች ከጡብና ከመስታወት ስብርባሪ ሥር ቆመዋል። ሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ማንም ሳይጠራቸው ተመለሱ። ደሞዝ የለም፣ አለቃ የለም። ተሰልፈው ጡቡን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ አወጡት። በጣሪያው ፋንታ ሸራ ወጠሩ። መጋዘን ውስጥ ከእሳት የተረፈ ክር ተገኘ። በአራተኛው ወር መብራት በቀን ለሦስት ሰዓት መምጣት ሲጀምር እመት ቺያቤ ስድስት መኪና አስነሳች። ለሆስፒታል የሚሆን ፋሻ መሸመን ጀመሩ። የመጀመሪያዋ መኪና ስትንኳኳ አንዳንዶቹ ሴቶች ጆሯቸውን ይዘው አለቀሱ፤ ቦምብ መስሏቸው ሳይሆን፣ ቦምብ ስላልነበረ ነው።

በአራቱ ወር ሁሉ ከጎኗ ያልተለየችው ጓደኛዋ ፈታይዋ ነበረች። ሁለቱ ፋብሪካው የገቡት በአንድ ቀን ነው፤ በልጅነታቸው የሠራተኛ መኝታ ቤት ውስጥ አንድ አልጋ ተጋርተዋል። የፈታይዋ ባል ግንባር ላይ ሞቷል፤ እሱ ከሞተ በኋላ ሴት ልጅ ወልዳለች። ልጅቷን በሸማ መያዣ ቅርጫት ውስጥ አስተኝታ መኪናው አጠገብ ታስቀምጣታለች። መኪናው ሲቆም ብቻ ነው ሕፃኗ የምታለቅሰው።

ፋሻ መሸመን ከጀመሩ በአርባኛው ቀን ገደማ ትእዛዝ መጣ። ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ እንዲሰበሰብ ተደረገ። አንድ ሻለቃ ከጂፕ ወርዶ ከወረቀት አነበበ፤ አጠገቡ የቆመው አስተርጓሚ ደግሞ በእኛው ቋንቋ መለሰው። አስተርጓሚው የከተማችን ሰው ነው፤ ከጦርነቱ በፊት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር።

«ይህ ፋብሪካ በጦርነቱ ጊዜ የፓራሹት ጨርቅ ሠርቷል። ስለዚህ የጦር ፋብሪካ ነው። መኪናዎቹ በሙሉ ተፈተው ለጦር ካሣ ይወሰዳሉ» አለ።

 ከሰዉ መካከል አናጢው ጮኸ፤ «አሁን የምንሠራው ፋሻ ነው በላቸው። ፋሻም ይተኩሳል ወይ በላቸው።»

አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመውም። መሬት መሬቱን እያየ የሻለቃውን ቀሪ ቃል ቀጠለ፤ መኪናዎቹን በሥርዓቱ መፍታት የሚችል ባለሙያ ካለ ወደ ፊት ይውጣ፣ በመፍታቱ ሥራ ላይ የሚሰማራ ሁሉ የከባድ ሥራ ራሽን ካርድ ያገኛል፤ ዳቦው እጥፍ ነው፣ ስብና ከሰልም አለው።

ፈታይዋ ልጇን ታቅፋ እንደቆመች በቀስታ፣ «ማንም እንዳይወጣ» አለች። «ከፈለጉ ራሳቸው ይፍቱት።»

እመት ቺያቤ እንግዶቹ ራሳቸው ሲፈቱ ምን እንደሚመስል አይታለች። ከሳምንት በፊት የሳሙና ፋብሪካውን ማሞቂያ በመዶሻ ነቅለው፣ በሰንሰለት አስረው፣ በመኪና ጎትተው ሲወስዱት መንገዱ ላይ ብረት እየተንጠባጠበ ነበር። የሽመና መኪና እንደዚያ ቢነቀል ለእነሱም ለእኛም አይሆንም። በሌላ በኩል የአማቷ እግር ከረሃብ ብዛት አብጧል፤ በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ አይመለስም።

ከዓመታት በኋላ የትኛው ሐሳብ እንደቀደመ ጠይቄያታለሁ። «እግራቸው ነው የቀደመው» አለችኝ። «ሰው ሲያወራው መኪናውን ያስቀድምልኛል። መኪናውን ያሰብኩት በኋላ፣ ለራሴ ምክንያት ስፈልግለት ነው። እኔ የወጣሁት ለዳቦ ነው።»

«እኔ እችላለሁ» ብላ ወጣች። አናጢውም ተከተላት፤ ሌሎች አሥር የሚሆኑም እንዲሁ።

ሰዉ ሲበተን ፈታይዋ በሩ አጠገብ ጠበቀቻት።

«ለአሮጊቷ ብለሽ ነው። ይገባኛል» አለቻት።

«እንግዲያው አብረሽኝ ሥሪ። እጅ ያስፈልገኛል፤ ካርዱን ላንቺም እጠይቅልሻለሁ። ይቺን ልጅ በምን ልታሳድጊያት ነው?»

«በዚህ ፋብሪካ ሬሳ አላሳድጋትም።»

«ሬሳ አታርጊው እንጂ። ተፈቶ ቢሄድ አንድ ቀን…»

«አንድ ቀን ምን?»

እመት ቺያቤ ሽርጧ ውስጥ ያሉትን ቺያቤዎች ጨበጠች።

«ከዛሬ በኋላ መንገድ ላይ ስታገኚኝ ሰላም አትበይኝ» አለች ፈታይዋ። «እኔም አልልሽም። ጠላሁሽ ማለቴ አይደለም። ለመጥላትም አቅም የለኝም።»

መፍታቱ ሰባት ሳምንት ፈጀ። እመት ቺያቤ እያንዳንዱን መኪና እንደ አንድ ቤተሰብ ቆጠረችው። ቡሎኑን ከነዳዶው በሲባጎ ታስራለች፤ ኩሽኔታውን በግራሶ ነክራ በጨርቅ ትጠቀልላለች፤ በየብረቱ ላይ የመኪናውን ቁጥር በነጭ ቀለም ትጽፋለች። የሠላሳ ሰባተኛው ክፍል ከሠላሳ ስምንተኛው እንዳይቀላቀል ከሠራተኞቿ ጋር ትጣላለች። ሻለቃው አንድ ቀን መጥቶ አያትና፣ አገሬ ቢሆን ኖሮ ሽልማት አሰጥሽ ነበር አላት በአስተርጓሚው። እሷ ቀና ብላም አላየችው።

ሣጥኖቹን የሚሠራው አናጢው ነው። «ከጦርነቱ በፊት የሙሽራ አልጋ እሠራ ነበር» ይላል ሚስማሩን በጥርሱ ይዞ፤ «በጦርነቱ ጊዜ የሬሳ ሣጥን። አሁን ደግሞ የብረት ሬሳ ሣጥን። እንጨቱ ግን መቼም አይናገርም፣ ያስገቡትን ይይዛል።»

ከግቢው ውጭ ያሉት ሠራተኞች «ፈቺዎቹ» ይሏቸው ጀመር። ውኃ ለመቅዳት ሲሰለፉ ሰው ከፊታቸው አይቆምም፣ ከኋላቸውም አይቆምም፤ ብቻቸውን ይቀራሉ። አማቷ ይህን ሲሰሙ፣ «ይሁን፣ ወረፋው ያጥራል» አሉ። የእግራቸው እብጠት ግን እየሟሸሸ፣ ፊታቸው እየተመለሰ ነበር።

እመት ቺያቤ ግማሽ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ፈታይዋ ደጃፍ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ሲነጋ ዳቦው ያለ አንዳች ቁራሽ ጉድለት በራሷ ደጃፍ ላይ ይገኛል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው አማቷ ዳቦውን ከእጇ ቀሙ።

«አምጪው። ካንቺ አትቀበልም፤ ከእኔ ግን እንቢ አትልም። ሽማግሌ አትመልስም፣ አሳዳጊዎቿን አውቃቸዋለሁ።»

እንዳሉትም ተቀበለች። ግን ዘግይቷል። የፈታይዋ ጡት ከደረቀ ሰንብቶ ነበር፤ ልጅቷ ደረቷ ታሞ ትንፋሿ ማፏጨት ጀምሯል። መድኃኒቱ ያለው የእንግዶቹ ሆስፒታል ብቻ ነው። እመት ቺያቤ አስተርጓሚውን ግቢው ውስጥ ይዛ ለመነችው። እሱ ሻለቃውን ጠየቀ፤ ሻለቃው ሆስፒታሉ የወታደር ነው አለ። በማግሥቱ አስተርጓሚው ኪሱ ውስጥ ግማሽ ብልቃጥ ይዞ መጣ። ከየት እንዳመጣው አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችም። አማቷ ብልቃጡን ይዘው ሲደርሱ ልጅቷ አርፋለች።

አናጢው ከመኪናው ሣጥን ሳንቃ ላይ ቆርጦ ትንሽ ሣጥን ሠራላት። ሳንቃው ላይ «ወደ ላይ» የሚል ቀስት በእንግዶቹ ቋንቋ ታትሞበታል። የታተመበትን ገጽ ወደ ውስጥ አዙሮ መታው። ለቀብሩ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። እመት ቺያቤ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆማ ጠበቀች። ፈታይዋ ስትወጣ አጠገቧ አለፈች፤ ዓይኗ ግን ማንንም የሚያይ አልነበረም።

የመጨረሻው መኪና ተጭኖ የሄደ ቀን ካርዱን ሰበሰቡባቸው። አዳራሹ ባዶ ቀረ፤ ሲሚንቶው ላይ ሰማንያ አራት የዘይት ጥላ ብቻ ነበር። ፈቺዎቹም ያልፈቱትም አሁን እኩል ተራቡ። እኩል መራብ ግን አላስታረቃቸውም።

አማቷ በእግራቸው መቆም ከቻሉ ጀምሮ አንድ ልማድ አመጡ። በየጠዋቱ ባቡር ጣቢያ ይሄዳሉ። ምርኮኞች አልፎ አልፎ ይመለሱ ነበርና፣ ከባቡር የሚወርደውን ሁሉ እጅ እጁን ያያሉ። «ፊቱ ቢለወጥብኝ እንኳ ጥፍሩን አውቀዋለሁ» ይላሉ። አንድ ዝናባማ ቀን ውለው ሲመለሱ ነጠላቸውን እየጨመቁ እንዲህ አሉ፤

«ልጄ፣ መኪናዎችሽ እኮ አልሄዱም።»

«የትኞቹ መኪናዎች?»

«የትኞቹ ትላለች። ጣቢያው ጀርባ፣ የዕቃ ማራገፊያው ሜዳ ላይ ተቆልለዋል። ዝናብ እየጠጡ ነው።»

እሷ አላመነችም። ሮጣ ሄደች። ሣጥኖቹ ጭቃ ውስጥ በሁለት በሦስት ተደራርበው ተቀምጠዋል። ሸራው ተሰርቋል። ከብዙዎቹ ሣጥኖች ላይ ሳንቃው ተነቅሏል፤ የነቀሉት እንግዶቹ አይደሉም፣ ማገዶ ያጣነው እኛው ነን። በነጭ ቀለም የጻፈችው ቁጥር ከዝገቱ ጋር ይወርዳል። ክሩን የሚመታውን የመኪናውን ጥርስ በእጇ ዳሰሰችው፤ ጣቷ ቀይ ሆኖ ተመለሰ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ለዚህ ነው፣ አለችኝ ኋላ፤ ለዚህ ነው ጓደኛዬን ያጣሁት።

በማግሥቱ ሻለቃው ቢሮ ሄደች። ቢሮው የድሮ ትምህርት ቤት ነው፤ አስተርጓሚው ራሱ ያስተምርበት የነበረው። ግማሽ ቀን አስቁመው አስገቧት።

«ወይ ውሰዱት፣ ወይ መልሱልን» አለች።

ሻለቃው ሰምቶ ትከሻውን ነቀነቀ። «ፉርጎ የለም። የእኛ ሐዲድ ደግሞ ከእናንተ ይሰፋል፤ ድንበር ላይ አውርዶ እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ያንን የሚሠራ መሥሪያ ቤት ገና አልተወሰነም።»

«መቼ ይወሰናል?»

«እኔ አላውቅም። የእኔ ሥራ ማስፈታት ነበር። ተፈቷል፣ ፈርሜ ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ግራሶ ልቀባው። ሌላ ነገር አልፈልግም፣ ዳቦም አልጠይቅም። ብረቱ ገና አልሞተም።»

ሻለቃው ዓይኑን በመዳፉ አሸ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር አለችኝ፤ የደከመው ሰው ነበር የሚመስለው። በመጨረሻ፣ ንብረቱ የመንግሥቱ መሆኑን፣ ማንም እንዲነካው መፍቀድ እንደማይችል ተናገረ። አስተርጓሚው ይህን ከመለሰላት በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከራሱ ጨመረበት፤

«እትዬ፣ ይሂዱ። ከዚህ በላይ አይጠይቁ። እዚህ ቤት ጥያቄ ሲደጋገም ወንጀል ይሆናል።»

አልሰማችውም። ፋብሪካው ምድር ቤት ውስጥ የቀረ ግማሽ በርሜል ግራሶ እንዳለ ታውቅ ነበር። በባልዲ እየቀዳች፣ ጥበቃዎቹ ለምሳ በሚቀያየሩበት ሰዓት በአጥሩ ቀዳዳ ትገባለች። በስምንት ቀን አሥራ አራት መኪና ቀባች። በባዶ ሆድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሣጥኖቹ መካከል ራሷን ስታ ወድቃለች። በዘጠነኛው ቀን ያዟት።

የጦር ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ጥፋቷ የካሣ ንብረት መነካካት ነው። አራት ወር ተፈረደባት። ፍርዱን ሲነግራት አስተርጓሚው መሃል ላይ አቋርጦ ውኃ ጠጣ።

እስር ቤት የእስረኞቹ ሥራ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጡብ በመዶሻ መፈቅፈቅ ነበር። አሮጌው ሲሚንቶ ሲለቅ ጡቡ ለአዲስ ቤት ይሆናል። ከወታደር ሚስቶችና ከከሰል ሌቦች ጋር ተቀምጣ ስትፈቀፍቅ፣ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አማቴን ማን ያበላቸዋል። ጠያቂ አይገባም፣ ደብዳቤ አይገባም። በሦስተኛው ወር ላይ አማቷ እንደሞቱ በልቧ ወሰነች። ወስናም አላለቀሰችም። ስሜት የሚባል ነገር ከእኔ ወጥቶ ሄዶ ነበር፣ እንደ ጡቡ ሆኜ ነበር፣ አለችኝ።

ስትፈታ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ክፍሏ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ገብተዋል፤ በቦምብ ቤታቸው የፈረሰባቸው፣ ብዙ ልጆች ያሏቸው። አሮጊቷን ስትጠይቃቸው፣ «ፈታይዋ ወስዳቸዋለች» አሏት።

ፈታይዋ የምትኖረው አንድ የተረፈ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ነው። በሩን ከፈተችላት። አልጋው ላይ ማንም የለም፤ ብርድ ልብሱ ተጣጥፏል።

«መቼ?» አለች እመት ቺያቤ።

«አሥራ ሁለት ቀን ሆነ።»

«አሥራ ሁለት ቀን።»

«ሳንባቸው ነው። እስከ መጨረሻው ሳምንት ጣቢያ ይሄዱ ነበር፤ ሲያቅታቸው እኔ እየሄድኩ የወረዱትን ሰዎች ጥፍር እነግራቸው ነበር።» ፈታይዋ ከአልጋው ሥር አንድ ትንሽ ጥቅል አውጥታ ሰጠቻት፤ መነጽራቸው፣ ማበጠሪያቸውና የልጃቸው ሁለት ደብዳቤዎች። «አልራቡም። የምነግርሽ ይሄንን ብቻ ነው። አልራቡም።»

እመት ቺያቤ ጥቅሉን ተቀብላ ቆመች። አማቷ ምን እንደበሉ፣ ከየት እንደመጣ፣ ፈታይዋ ራሷ ምን እየበላች እንደነበር ለመጠየቅ አፏን ከፈተች። የፈታይዋ ክንድ እንደ እንጨት ቀጥኖ ነበርና መልሱን አየችው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ፈታይዋ አንገቷን ነቅንቃ በሩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ተኩል ለእሷ እንደ አንድ ቀን ነው። በየፍርስራሹ ጡብ እየፈቀፈቀች ኖረች፤ አሁን በነጻነት። እንግዶቹ ከጥንት ወዳጆቻቸው ጋር ተጣልተው ኖሮ፣ በአንድ ጊዜ ትእዛዙ ተገለበጠ። የተሸነፈው አገር ከእነሱ ጎን እንዲቆም መቋቋም አለበት ተባለ። ሻለቃው ሄዶ በእሱ ፋንታ ገና ጢሙ ያልጠነከረ መኮንን መጣ። የፋብሪካውን ሠራተኞች እዚያው ግቢ ውስጥ ሰበሰበ።

«ሕዝቡ ልብስ የለውም። ይህ ፋብሪካ በስድስት ወር ውስጥ ሥራ መጀመር አለበት። መኪናዎቹ የት ናቸው?» አለ።

አስተርጓሚው ያው ሰው ነው፤ ፀጉሩ ብቻ ሸብቷል። ጥያቄውን ፊቱን ሳያንቀሳቅስ ተረጎመው። አናጢው መሳቅ ጀመረ። ሳቁን መተው አቅቶት እስኪያስለው፣ እስኪያስታውከው ድረስ ሳቀ። ሌላ ማንም አልሳቀም።

ከሰማንያ አራቱ ዘጠኝ መኪና ተገጣጠመ። ዛሬም ድረስ ፋብሪካው ውስጥ «እሷ ግራሶ የቀባቻቸው ተረፉ» እያለ የሚያወራ አለ። እሷ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች። ከቀባቻቸው አሥራ አራት ውስጥ የአብዛኞቹን ነሐስ ሌባ ነቅሎ ሸጦታል፤ ከዘጠኙ አምስቱ የዳኑት ከቁልሉ ሥር ስለነበሩ ብቻ ነው። «ውሸት ቢያምርም ውሸት ነው» ትላለች። «እስር ቤት የገባሁት በከንቱ ነው። ልጄ፣ በከንቱ የሚባል ነገር አለ፤ መማር ያለብሽ እሱን ነው።»

ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሠራተኞች ኮሚቴ ተቋቁሞ ማን እንደሚቀጠር መከረ። አንዲት ሸማኔ ተነስታ፣ ፈቺዎቹ እንዳይገቡ፣ እነሱ እጥፍ ዳቦ ሲበሉ ሌላው ልጁን ይቀብር እንደነበር ተናገረች። ሰው ሁሉ ወደ ፈታይዋ ዞረ። በዚያ ጉዳይ ላይ የመናገር መብት ያላት እሷ መሆኗን ሁሉም ያውቃል። ፈታይዋ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ መለሰች።

«መኪናውን የምታውቀው እሷ ናት። ስለ ልጄ ማንም አያንሳ።»

እመት ቺያቤ ተቀጠረች። ፈታይዋም የፈትል ክፍሉ ስለሌለ ሽመና ተማረች፤ ሦስተኛው መኪና ደረሳት። እኔ ከዚያ በኋላ ነው የገባሁት። ሁለቱን ለዓመታት ጎን ለጎን አይቻለሁ። «ድሩ ላልቷል።» «አጠብቂው።» «መወርወሪያው ይመታል።» «ቆይ ልየው።» ከዚህ የዘለለ ቃል ሲለዋወጡ ሰምቼ አላውቅም። የሌላው መኪና ሲበላሽ እመት ቺያቤ ወረፋ ታስጠብቅ ነበር፤ ሦስተኛው ሲቆም ግን የያዘችውን ጥላ ትሄዳለች። ማንም በዚህ አላጉረመረመም።

ፈታይዋ እኛን ትታ ሌላ ከተማ እህቷ ጋ ለመኖር የሄደች ቀን በተራ ጨበጠችን። እመት ቺያቤ ጋ ስትደርስ እጇን ያዘቻትና፣ «ዘንድሮ አሥራ ሦስት ትሞላ ነበር» አለቻት።

«በጥቅምት» አለች እመት ቺያቤ።

«አዎ፣ በጥቅምት።»

እጇን ለቀቀቻትና ቀጣዩን ሰው ጨበጠች።

የእመት ቺያቤ ባል አልተመለሰም፤ ሞተም የሚል ወረቀት አልመጣም። ፋብሪካው ለሠራተኞች ቤት ሲሠራ፣ ላላገቡና ለመበለቶች የተመደበ አንድ ክፍል ሊሰጣት ሆነ። በሕግ ግን ባለትዳር ስለሆነች አልተፈቀደላትም። ባሌ ሞቷል ብላ ለማስመዝገብ ሦስት ዓመት እንቢ አለች፤ ጣሪያው በሚያፈስ የጋራ ክፍል ከሰባት ሴቶች ጋር ኖረች። መገጣጠሚያዋ መቆልመም ሲጀምር ማዘጋጃ ቤት ሄዳ የባሏን የሞት ማስረጃ እንዲሰጧት ጠየቀች።

ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ነበር። ቅጹን ሞልቶ ሞልቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «የሞቱበት ቀን?» አላት።

«አላውቅም።»

«ባዶ መተው አይቻልም፣ እማማ። መዝገቡ አይቀበለውም። የመሰለዎትን ቀን ይበሉኝ፤ ማንም አይጠይቅዎትም።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ እያየሁ ቆየሁ አለችኝ። ከኋላዋ ሰው ተሰልፎ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ነገረችው፣ ጻፈው፣ ማኅተም መታበት። ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባች፤ ሁለት መኪና አስተካከለች፤ ደወል እስኪደወል ድረስ ሠራች።

ለእኔ የነገረችኝ ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ በዚያው ባገኘችው ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሳለን ነው። ጆሮዋ በመኪናው ጩኸት ደንቁሮ ስለነበር ጮክ ብላ ነው የምትናገረው፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል።

«ባሏ የሚሞትበትን ቀን ራሷ የመረጠች ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። የትኛውን ቀን እንደመረጠች አልጠየቅኳትም።